ስፖንሰሩ ማን ነው?

አሽቀሎን ውስጥ «የእገሌ ልጅ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባች» የሚል ወሬ ከባቡሩ ይቀድማል። ጠዋት ቴል አቪቭ ለሥራ የሄደ ሰው ማታ ከጣቢያው ሲወርድ ሠፈሩ በሙሉ ሰምቶ ይጠብቀዋል። ወሬው ታዲያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «ተቀበሏት!» የሚለው ነው፤ እልል ይባልበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ያልተጠራ ጎረቤት ይገባበታል። ሁለተኛው በረካው ሲቀዳ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚመጣው ነው፤ «ለመሆኑ በስንት?»

የእህቴን ልጅ አንድ የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተቀበላት ጊዜ አንደኛው ክፍል በአንድ ምሽት አለቀ። ሁለተኛው ወራት ፈጀ፤ ያውም አለቀ ከተባለ።

እኛ እዚህ ትምህርት ተወደደ እያልን የምናማርረው፣ ድጎማ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ከ10 ሺህ ሸቀል በላይ ስለሚያስከፍል ነው። ለዚያውም ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጅ ሚልጋ የሚሉት የትምህርት ድጎማ አለ፣ ሚንሀል ሀስቱደንቲም የሚባል የተማሪዎች አስተዳደር አለ፤ ቅጹን የሚሞላ ልጅ ቤት ውስጥ ይኑር እንጂ የሚከፍል አይጠፋም። አሜሪካ ግን በ2024–25 የትምህርት ዘመን የግል ኮሌጆች ያወጡት የትምህርት ክፍያ በአማካይ 43,350 ዶላር ነበር። የመንግሥቶቹ ከክልላቸው ውጪ ለሚመጣ ተማሪ በአማካይ 30,780 ዶላር ጠይቀዋል፤ ለክልላቸው ልጅ 11,610። ይህ መኝታውን፣ ምግቡንና መድኑን ሳይጨምር ነው።

አማቼ፣ የልጅቱ አባት፣ «ክልል» የሚለውን ሲሰማ ደነገጠ። «እዚያም ክልል አለ እንዴ?» አለ፤ የአገር ቤት ዜና ስለሚከታተል ነው። እኔን ግን ትንሽ አጽናናኝ። ሜዲትራኒያንንና አትላንቲክን ተሻግራ የምትመጣ ልጅ፣ ከጎረቤት ክልል በእናቱ መኪና ፍራሽ ጭኖ ከመጣው ልጅ እኩል «ከክልል ውጪ» ተብላ ነው የምትከፍለው። በኪሎ ሜትር አለማስከፈላቸውም ደግ ነው።

ነገሩ ተገልብጦም ያውቃል። ከ1985 እስከ 2016 የሃርቫርድ ሰዎች የሚመሩት፣ ሌዎን ሌቪ የተባለ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ እዚሁ ባሕሩ ዳር፣ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ነበር። በየበጋው የአሜሪካ ተማሪዎች ከኪሳቸው ከፍለው እየመጡ በአሽቀሎን ፀሐይ አፈር ሲዝቁ ይውሉ ነበር። በ1990 ከጥንቱ የከተማ በር አጠገብ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ 3,600 ዓመት ገደማ የሆናት የብር ጥጃ አገኙ። በዚያው ፀሐይ በቀን ሥራ አፈር እየዛቀ ደመወዝ ይቀበል የነበረ አንድ የሠፈራችን ሰው፣ ከፍሎ የሚቆፍር ፍጡር መኖሩን ሲሰማ «ጥጃዋ ናት ያሳበደቻቸው» ብሎ ነበር። አሁን ተራው የእኛ ሆነ።

አሽቀሎኖች ዕቅድ አያውቁም ብሎ የሚያማን ግን አይኑር። የሮኬት ሳይረን ሲጮኽ ማማድ ወደሚባለው የቤት መጠለያ ክፍል ለመግባት ያለን 30 ሴኮንድ ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ እምዬን ማን እንደሚደግፍ፣ ድስቱን ማን እንደሚያወርድ፣ በሩን ማን እንደሚዘጋ ተደልድሎ ያለቀ ነው። ከ30 ሴኮንድ ወዲያ ያለው ለእግዜር የተተወ ነው። ልጅቱ በኤክሴል የአራት ዓመት ወጪ ዘርግታ ስትመጣ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በታች ያለውን ሁላችንም በአክብሮት ዘለልነው።

እሷ ግን ጉዳዩን አጥንታ ነው የመጣችው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው የተማሪ እርዳታ ለውጭ አገር ተማሪ ዝግ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ሌሎች ጥቂቶች የውጭ ተማሪውንም ኪሱን ሳያዩ ይመርጡና ቤተሰቡ ያልቻለውን ይሞሉለታል፤ ችግሩ፣ እዚያ ለመግባት ከኪስ ሌላ ያለው ነገር ሁሉ ሞልቶ መትረፍ አለበት። ኬንታኪ ውስጥ ቤርያ የሚባል ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው በሙሉ ግን ግቢው ውስጥ ይሠራል። ከነዚህ ውጪ ያሉት አብዛኞቹ፣ እርዳታ መጠየቅህንም ከማመልከቻህ ጋር ሚዛን ላይ ያወጡታል። ድሃ ነኝ ብትል ላይቀበሉህ ይችላሉ፤ ዝም ብትል ተቀብለው ክፈል ይሉሃል። ይህን ያህል የረቀቀ ነገር እኔ ያየሁት ሽማግሌ ተልኮ ጥሎሽ ሲነጋገሩ ብቻ ነው።

እርዳታ ከሚጠየቅባቸው ቅጾች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የሞላነው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ላፕቶፑ ከሞሰቡ አጠገብ፣ የአባቷ ተሉሾች (የደመወዝ ወረቀቶች) በፌስታል፣ እኔ መነጽሬን ሰክቼ በአስታራቂነት።

«አባ፣ ቤተሰቡ የእርሻ ቦታ አለው ወይ ይላል።»

«አለን እንጂ! ወገራ። ከወንዙ እስከ ዋርካው።»

«ዋጋው በዶላር ስንት ይሆናል?»

«እሱማ ዋጋ አይወጣለትም። ስንት ትውልድ ርስት ተነፍገን ኖረን፣ አባቴ በመሬት ላራሹ አዋጅ ያገኛት ናት።»

«አሁን ማን ያርሳታል?»

«እኔ ምን አውቄ! በፈረንጆች 84 ሌሊት ወደ ሱዳን ስንወጣ ሰብሉ ገና አልታጨደም ነበር።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበችና ዜሮ ጻፈች። አማቼ ዜሮዋን አያት። ንጉሥ የነፈጋቸውን ደርግ ሰጥቷቸው፣ እሱንም ጥለው ወጥተው፣ አሁን ደግሞ ገዛ ልጁ ከመዝገብ ስታጠፋት ጊዜ እስከ ሻባት አኮረፈ። እኔ እንኳ ቢያንስ ያልታጨደውን ሰብል እናስገባ ብዬ ነበር፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ከስንት ቅጽ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በውጤቷ ከክፍያው የተወሰነውን ማረላት። የቀረው የእኛ ነው። እዚህ ላይ አይ-20 የሚባለው ወረቀት መጣ። የተማሪ ቪዛ ከኤምባሲ በፊት የሚጀምረው በዚህ ወረቀት ነው፤ የሚያወጣውም ዩኒቨርሲቲው ነው። በአንድ በኩል የዓመቱ ወጪ፣ በሌላው በኩል ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይሰፍራል። ሁለቱ ካልገጠሙ ወረቀት የለም። ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ መታየት አለበት።

በእኛ ቤት ደግሞ ገንዘብ ቁጭ ብሎ አያውቅም። በወሩ 10ኛ ቀን ደመወዝ ይገባል። ማሽካንታው፣ የቤት ብድሩ፣ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ አድሯልና ድርሻውን ያነሳል፤ አርኖና የሚሉት የከተማ ግብር፣ ቫአድ ባይት የሚሉት የሕንፃው መዋጮና መብራት ይከተላሉ፤ የማቀዝቀዣው ታሽሉሚም፣ በየወሩ የሚከፈለው፣ ገና ግማሹ ነው፤ ጎንደር ያለች የአክስት ልጅ ታማለች። ከዚያ በኋላ እስከሚመጣው 10ኛ ቀን የምንኖረው ሚኑስ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች ባለ ሒሳብ ነው። ሚኑስ እዚህ አገር ነውር አይደለም፤ አድራሻ ነው። ባንኩም እዚያው እንዳለን ስለሚያውቅ ሌላ ቦታ አይፈልገንም።

«የባንኩን ወረቀት በ10ኛው ቀን በጠዋት እናሳትመው» አለ አማቼ።

«አባ፣ የሦስት ወር እንቅስቃሴ ነው የሚፈልጉት።»

«እንቅስቃሴ ከሆነማ ሞልቶናል።»

ደግሞ የዩኒቨርሲቲዋ ቅጽ ስፖንሰር ለሚለው ያስቀመጠው አንድ መስመር ነው። አንድ ስም፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ሒሳብ። ድሮ ይህ ቀላል ነበር። መላኩ በያን በ1920ዎቹ ለትምህርት አሜሪካ ሲሄድ የላኩት ራስ ተፈሪ ናቸው፤ በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ሲመረቅ ላኪው ንጉሠ ነገሥት ሆነው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስፖንሰርህ ማን ነው ቢባል አንድ ስም ይበቃዋል፤ የሦስት ወር እንቅስቃሴ አምጣ የሚለውም ያለ አይመስለኝም። ከእኛ ከቤተ እስራኤል ወገን ታምራት አማኑኤልን በ1905 ለትምህርት አውሮፓ የወሰደው አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች ነው። እሱም አንድ ስም ነው፤ ከስሙ ጀርባ ግን በየአገሩ መዋጮ የሚለቅሙ የአይሁድ ኮሚቴዎች ነበሩ። የእኛ ነገር ወደዚህኛው ሳይጠጋ አይቀርም።

መጀመሪያ የተነሳው ፒካዶኗ ነው፤ ከሠራዊት ስትወጣ በስሟ የተቀመጠላት ገንዘብ። ሕጉ ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት መግዣ፣ ንግድ ለመጀመሪያ ይሁን ይላል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ለፈለጉት ይለቀቃል። እህቴ ሕጉን ስታነብ ሠርግ የሚለው ላይ ቆመች፤ ከዚያ የሚያነቃንቃት አልተገኘም። የእኔ ቀረን ሂሽታልሙት የሚባለው የሥራ ቁጠባ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበርና ወጣ። የአጎት፣ የአክስት፣ የጎረቤት ተጨመረ። አሁንም አልደረሰም። ያኔ ነው እህቴ «ዕቁቡስ?» ያለችው።

ዕቁቧ የሴቶች ነው። ሻባት ወጥቶ ሦስት ኮከብ ሲታይ ይሰበሰባሉ፤ ቡናው ሳይወርድ ገንዘቡ ተቆጥሮ ያልቃል። የዚያን ዙር የመጀመሪያ ዕጣ የወጣላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ጎንደር ሄደው የእናታቸውን መቃብር ሊያሳጥሩበት አስበዋል። ነገሩን ሲሰሙ «ልጅቱ ትቅደም፤ ጎንደር የትም አይሄድም» ብለው ለቀቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ ያልነገረን፣ ሃምሳው ሎሚ በአንድ ሳምንት በአንድ ሰው ሒሳብ ሲገባ ምን እንደሚመስል ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ ኢሜይል መጣ። በትህትና የተጻፈ ነው፤ በወላጅ እናት ሒሳብ በቅርቡ የገባው ከፍ ያለ ገንዘብ ምንጩ ይብራራልን ይላል። ልጅቱ ዕቁብ ምን እንደሆነ ጻፈችላቸው። ጥያቄ ተመለሰ። ወለዱ ስንት ነው? ወለድ የለውም። ውሉ የታለ? ውል የለውም። አባል ካልከፈለችስ? ቀርቶ አያውቅም። እህቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «የዕቁቧን ያልሰጠች ሴት ልጇን ስትድር እንጀራውን ማን ይጋግርላታል በያቸው!» አለች። ልጅቱ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ክፍያው በጠንካራ የማኅበረሰብ ትስስር የተረጋገጠ ነው» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ይህቺ ልጅ ገንዘብ ባይኖራትም ኑሮ አያቅታትም አልኩ በልቤ።

በመጨረሻ አባላቱ በሙሉ ይፈርሙ ተባለ። ሻባት ሲወጣ 13 ሴቶች አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ላይ ፈረሙ፤ አብዛኞቹ በዕብራይስጥ፣ ጥቂቶቹ በአማርኛ፣ ሁለቱ በአውራ ጣት። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ልጅቱ 13 ስፖንሰር አላት። ቅጹ ላይ የእናቷ ስም ብቻ መስፈሩን ለማስረዳት የሞከረ የለም።

ከአይ-20 በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መዝገብ 350 ዶላር፣ ለቪዛው ማመልከቻ 185 ዶላር፤ ቪዛው ቢከለከል የማይመለስ፣ ታሽሉሚም የሌለው። ከ2023 መኸር ወዲህ እስራኤላዊ ለጉብኝት ያለ ቪዛ አሜሪካ ስለሚገባ ሠፈሩ «ቪዛ ቀርቷል እኮ፣ ምን አስጨነቃችሁ» ይለን ነበር። ለተማሪ አልቀረም። ለቃለ መጠይቁ አማቼ በኖታሪዮን (በውል አዋዋይ) የተተረጎሙ ተሉሾችን፣ የባንክ ወረቀቱን፣ የ13ቱን ፊርማ በአንድ ወፍራም ክላሰር አስይዞ ላካት። ቆንስሉ «ማን ይከፍልልሻል?» አላት፤ «እናቴና አጎቴ» አለች፤ ጸደቀ። ክላሰሩን አልከፈተውም። አማቼ ቪዛው በመገኘቱ ከተደሰተው ይልቅ ክላሰሩ ባለመከፈቱ የተናደደው ይበልጣል። ለትርጉሙ የከፈለው እሱ ነው።

ከዚያ የሥራ ነገር ተነሳ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሩቅ ዘመዳችን በስልክ «ምን ያስጨንቃችኋል፣ ትሥራ! እኛ ፓርኪንግ ስንሠራ አይደል እንዴ የተማርነው» አለን። የተማሪ ቪዛ ግን እንዲያ አይልም። ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከግቢ ውጪ አይሞከርም። ቤተ መጻሕፍት፣ ካፍቴሪያ፣ የስፖርት አዳራሽ በር ላይ መታወቂያ ማየት፤ እንዲህ ያለው ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። 20 ሰዓት ማለት 145 ዶላር። አማቼ በሸቀል አሰላውና ዝም አለ። እዚህ በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው 34.32 ሸቀል ገብቶ ነበር፤ ሲመነዘር ከአሜሪካው ይበልጣል። «አሜሪካ ሄዳ ከአሽቀሎን ያነሰ ልትከፈል?» ብዙ ክልሎች ከዚያ በላይ እንደሚከፍሉ፣ ካሊፎርኒያ በ2025 16.50 እንደገባች ብንነግረውም «እሷ ካሊፎርኒያ አይደለችም» አለ፤ ልክ ነው።

የልጅቱ ኤክሴል እኛ ያላሰብናቸውን ሁሉ ይዟል። በክረምቱ ዕረፍት ብዙ ቦታ መኝታ ቤቱ ስለሚዘጋ የት እንደምታድር አንድ መስመር አለው። የክረምት ካፖርት አንድ መስመር አለው፤ በአሽቀሎን ክረምት ማለት መስኮት መዝጋት ነውና ወጪው አስደንግጦናል። የጤና መድን የግድ ነው፤ እኛ ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው የጤና መድን ክሊኒክ ስንሄድ ካርድ አሳልፈን የምንወጣበትን ነገር እዚያ በሺህ ዶላር ይገዙታል። ይህ ሲሆን ደግሞ የእስራኤል ነዋሪ ሆና እስከተቆጠረች ድረስ የማኅበራዊ ዋስትናው ብቱዋሕ ለኡሚ በወሩ ድርሻውን ከመጠየቅ አይቦዝንም። ሱቅ ውስጥ የተጻፈው ዋጋ ግብሩ ያልገባበት መሆኑን ሳይቀር በመቶኛ አስገብታዋለች።

እናቷ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ልቅሶ የታለ?» አለች።

«የምን ልቅሶ፣ እማ?»

«ሰው ቢሞት የምትልኪው። ሠርግስ? የወለደችን የምትጠይቂበትስ?»

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመጽሐፍ፣ ለትራንስፖርትና ለግል ወጪ ቦታ ይሰጣል፤ ለልቅሶ ቦታ የለውም። ልጅቱ ተከራከረች። ገና ተማሪ ነኝ፣ ማንም አይጠብቅብኝም አለች። 13 ስፖንሰር ያላት ልጅ ማንም አይጠብቅብኝም ስትል የሰማ ሰው እንዳይኖር መስኮቱን ዘጋሁት። በመጨረሻ «ያልታሰበ» በሚል መስመር በወር 20 ዶላር ገባ፤ እህቴ ቅር ብሏታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ያልታሰበ አይደለም ትላለች።

ሄደች። በርበሬው ከሻንጣው 23 ኪሎ ብዙውን ስለወሰደ ካፖርቱን ለብሳው ገባች፤ በነሐሴ።

አሁን ያለው ችግር የስፖንሰሮቹ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር እንዳለቀ 13ቱም ውጤት ይታየን ብለዋል። እህቴ በእነሱ ግፊት ወደ ዩኒቨርሲቲው ኢሜይል አስጻፈችኝ። የተመለሰልን መልስ፣ በ1974 በወጣው የተማሪዎች የምስጢር ሕግ መሠረት ዕድሜዋ 18 ያለፈ ተማሪ ውጤት ያለ ፈቃዷ ለወላጅም አይሰጥም የሚል ነው። «የሚከፍለው ማን ሆነና?» አለች እህቴ። ከፋይ መሆን ለእነሱ በቂ አይደለም ብዬ ላስረዳት ስሞክር፣ ዕጣቸውን የለቀቁት ትልቅ ሴት ገቡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተቀመጡ፤ ቡና ተቀዳላቸው።

«ውጤቱስ ይቆይ» አሉ። «ለመሆኑ የምታጠናው ምንድን ነው?»

እህቴ አማቼን አየችው። አማቼ እኔን አየኝ። ያን ሁሉ ወር ስለ ዶላሩ ስንጨነቅ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እዚያው ደወልን። ልጅቱ ከእንቅልፏ ተነስታ፣ አሜሪካ ውስጥ ተማሪ የሚያጠናውን እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሳይወስን መቆየት እንደሚችል፣ እሷም ገና እያየች መሆኗን በደስታ ነገረችን። ስፒከር ላይ ነበረች።

ትልቋ ሴት ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አልወሰነችም?» አሉ። «በእኔ ዕጣ?»